ለማን እናጨበጭባለን?

ስለ ሮኬት፣ ስለ ሸማኔና ስለ አድናቆት ግብረገብ

ጭብጨባ ከንግግር ይቀድማል። ሰው አንድ ታላቅ ነገር ባየ ጊዜ ምን እንዳየ፣ ያየውም የማን እንደሆነ፣ ለእርሱስ ምን እንደሚያመጣለት ከመጠየቁ በፊት እጆቹ ይገናኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምሻው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ይኸውም፦ አድናቆት በድንገት መጥቶ በድንገት የሚያልፍ የስሜት መነሣሣት ብቻ ነው ወይስ ኃላፊነት የሚያስከትል ድርጊት? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያገኘሁት መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው።

ዕለቱ ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ለአንድ ቴአትር የሚሆን አልባሳት ለመምረጥ ወደ ሸማ ተራ ወርጄ፣ ጋቢና ኩታ እስከ ጣሪያው ከተከመረበት ሱቅ ስደርስ፣ ባለሱቁ ከሽሮ ሜዳ ሥራውን ይዞ የመጣ የአንድ ወጣት ሸማኔ ነጠላ ዘርግቶ ይመረምር ነበር። ወጣቱ የተለመደውን ጥለት ትቶ፣ ራሱ ያሰበውን፣ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ ሰማያዊ ጥበብ ሞክሯል። ሆኖም ለጥለቱ የመረጠው ባለቀለም ክር ከጥጡ ጋር እኩል ስላልተሳበ ነጠላው ከሸማኔ ዕቃው ሲወርድ ጠርዙ ተኮማትሯል። ባለሱቁ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ «አንተ ልጅ፣ ማን ሞክር አለህ? የሚሸጠውን አትሠራም?» አለው። በአጠገቡ የነበሩ ሁለት ደንበኞች ሣቁ። ልሸሽገው የማይገባኝ ነገር ቢኖር የእኔም ሣቅ ከእነርሱ ሣቅ ጋር የወጣ መሆኑ ነው።

ይህ በሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ተሸካሚ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየሮጠ መጣና ሁላችንም ተደፍተን አየን። የምናየው ባለፈው ቀን፣ እሑድ፣ በአሜሪካ በቴክሳስ ጠረፍ የተደረገውን ነበር። ስፔስኤክስ የተባለው የግል ኩባንያ ስታርሺፕ የተሰኘውን ሮኬት አስወንጭፏል። የሮኬቱ የታችኛው ክፍል፣ 71 ሜትር የሚረዝምና 33 ሞተሮች ያሉት ግዙፍ አካል፣ የላይኛውን ሽቅብ ገፍቶ ከለቀቀ በኋላ እሳቱን እየተፋ ተመልሶ መጥቶ፣ መሬት ሳይነካ፣ በተነሣበት ማማ ሁለት የብረት ክንዶች መካከል ገብቶ ተያዘ። ከመነሣት እስከ መያዝ ያለው ጊዜ ሰባት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

«ወይ ጉድ! እንደ ሕፃን ልጅ እኮ ነው የታቀፈው!» አለ ተሸካሚው፤ አጨበጨበም። እኛም አጨበጨብን። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ሁሉ ወደ ራሱ ሐሳብ የተመለሰው። ነጠላ ልትገዛ የመጣችው ሴት፣ «ሰው ጦሙን እያደረ ይኼ ሁሉ ገንዘብ ሰማይ ላይ ይቃጠል?» አለች። ሁለተኛው ደንበኛ፣ «የአገር ቢሆን እሺ፤ የአንድ ቱጃር ሀብት ነው። እሱ ቢወጣ ቢወርድ እኛን ምን አገባን?» ሲል መለሰ። ወጣቱ ሸማኔ ግን ከሁላችን ዘግይቶ ሌላ ነገር ጠየቀ፤

«ይኼ እስኪሳካላቸው ድረስ ስንት ጊዜ ወደቀባቸው?»

«ብዙ ጊዜ ነው አሉ» አለ ባለሱቁ፤ ስልኩንም ለባለቤቱ መለሰ። ወጣቱ ነጠላውን አጣጠፈ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

በአንድ ሱቅ ደጃፍ የተሰሙት እነዚህ ድምፆች ሮኬት በተነሣ ቁጥር በሌላውም ዓለም የሚሰሙ ናቸው። እያንዳንዳቸው እውነት አላቸው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ከመርታት ይልቅ በየተራ መመርመር ይሻላል።

«የግል» ሲባል

«እኛን ምን አገባን?» ያለው ሰው የተነሣው ሀብት የአንድ ሰው ከሆነ ደስታውም የአንድ ሰው ነው ከሚል እሳቤ ነው። ኩባንያው የግል መሆኑ እርግጥ ነው። ኤሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2002 መሠረተው፤ ብረቱም ሞተሩም ማማውም በሕግ የኩባንያው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር የማን እንደሆነ በሕግ ማወቅ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አይደለም።

ሮኬት ከምድር ስበት እንዴት እንደሚያመልጥ በስሌት ካሳዩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ካሉጋ በምትባል የሩሲያ የጠቅላይ ግዛት ከተማ ያስተምር የነበረ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው በደንብ የማይሰማ መምህር ነው። ኮንስታንቲን ጽዮልኮቭስኪ ይባላል፤ ዋናውን ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሣው አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1926 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳተላይትን ወደ ምሕዋር ያወጡት፣ ሰውንም ወደ ጠፈር የላኩት፣ በጨረቃም ላይ ያሳረፉት መንግሥታት ናቸው፤ ወጪውም የሕዝብ ነበር። ይኸው የግል ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ከአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ከናሳ ለ12 የጭነት ጉዞዎች የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ተቀብሏል። ይህም ገንዘብ የግብር ከፋዩ ነው።

ይህን የምዘረዝረው የኩባንያውን መሐንዲሶች ድካም ለማሳነስ አይደለም። ማንም ያልደፈረውን ደፍረዋል፤ ምስጋናው ይገባቸዋል። ማለት የፈለግሁት ሸማ ተራ ያለ ሰው ሁሉ ያለ አስተማሪ የሚያውቀውን ነገር ነው። አንድ ነጠላ ሲሠራ ጥጡን ገበሬ ያመርታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በእናቶች እጅ፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ሸማኔው ድሩን ይወጥራል፤ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ማጉን ያስገባል፤ ነጋዴው ያመጣዋል። ገዢዋ ለብሳው ስትወጣ «የኔ ነው» ትላለች፤ ውሸት አልተናገረችም። ነገር ግን የገዛችው ጨርቁን ነው። ስንት ትውልድ ያጠራቀመውን የጥለት ዕውቀት አልገዛችውም፤ ሊገዛም አይችልም።

በዚያው በሸማ ተራ፣ ከእጅ ሥራው ጎን ለጎን፣ በሀበሻ ጥለት አምሳል በፋብሪካ የተመረተ ጨርቅ ተሰቅሎ ይሸጣል። ዋጋው ይቀላል፤ ቀለሙ ይደምቃል። የሸማኔው አያት ያወጡት ንድፍ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ የሌላ ሰው ሸቀጥ ሆኖ፣ ከሸማኔው ጋር ሊወዳደር ይመለሳል። የጋራ ዕውቀት የግል ትርፍ በሚሆንበት ጊዜ ምን እንደሚከሰት ወጣቱ ሸማኔ ከማንኛችንም በተሻለ ያውቀዋል።

እንግዲህ «ምን አገባን?» ለሚለው መልሱ «አገባን» ነው። የሚያገባን ግን ባለሀብቱን ለማወደስ አይደለም። በዚያ የብረት አካል ውስጥ የመምህሩም፣ የግብር ከፋዩም፣ ስሙ ያልተጻፈው የብየዳ ሠራተኛም እጅ ስላለበት ነው። አድናቆታችን ለዚህ ረጅም ድር ከሆነ ማንም ሊነጥቀን አይችልም። ለባለቤቱ ስም ብቻ ከሆነ ግን የራሳችንን ድርሻ በገዛ እጃችን ለሌላ እንሰጣለን።

የራበው ሰው ሰማይ አያይምን?

የሴቲቱ ቃል ከዚህ ይከብዳል። «ያልተማረ ሰው አነጋገር» ብሎ የሚያልፈው ቢኖር እርሱ ራሱ ትምህርቱን አልጨረሰም። ይህ ጥያቄ የጨረቃው ጉዞ በተጀመረበት ስፍራ ቀርቦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል መሪ የነበሩት ቄስ ራልፍ አበርናቲ በበቅሎ የሚጎተቱ ጋሪዎች አስከትለው፣ ድኾች ቤተሰቦችን ይዘው ወደ ማስወንጨፊያው ጣቢያ መጡ። የናሳ ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው አነጋገሯቸው። ሮኬቱን ባለማስነሣት ድኽነት የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ባላስነሣነው ነበር የሚል መልስ ሰጡ፤ ለጠፈርተኞቹም እንዲጸልዩላቸው ጠየቁ። ቄሱም እሺ አሉ። በቅሎዎቹን ግን አልመለሷቸውም። አንድ ሰው በአንድ ቀን መቃወምም መጸለይም እንደሚችል፣ አንዱም ሌላውን እንደማያፈርሰው ከዚህ እንማራለን።

በእኛም አገር ይኸው ሆኗል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ በቻይና ሮኬት ወደ ምሕዋር ስትልክ፣ ባለሥልጣናትና ሌሎች ዜጎች እንጦጦ ላይ ተሰብስበው በቀጥታ ስርጭት ይመለከቱ ነበር። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ እርሻን፣ የውሃ ሀብትንና የአየር ንብረትን ለመከታተል የታቀደች ነበረች። በንድፏ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ተካፍለዋል፤ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከሆነው ወጪ አብዛኛውን ቻይና ሸፍናለች። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛዋና ታናሺቱ ተከተለች። በዚያ ሰሞን በየቡና ቤቱ የሰማሁት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ አንዱ ዕንባ እየተናነቀው ይኮራል፤ ሌላው «መብራት በማይኖርበት ሰፈር ሳተላይት!» እያለ ይሣለቃል።

ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቅ አንድ መለያ ያለ ይመስለኛል። «ወጪው ስንት ነው? ከፋዩ ማን ነው? ለገበሬው ምን ተመለሰለት?» የሚል ጥያቄ የባለቤት ጥያቄ ነው፤ መመለስ አለበት፤ የማይመልስም ባለሥልጣን ሆነ ባለኩባንያ ጭብጨባ አይገባውም። «እኛ ድኾች ነንና ሰማይን ማየት አይገባንም» የሚለው ግን ጥያቄ አይደለም፤ በራስ ላይ የተዘጋ በር ነው። ዝናም መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ ከገበሬ ይበልጥ ሰማይን የተመለከተ ማን አለ? ከድርቅ ይበልጥ ከላይ መታየት ያለበት ነገርስ ምን አለ?

ጥበብን መውደድ፣ ጠቢብን መናቅ

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንምጣ። ስንት ጊዜ ወደቀባቸው?

ቁጥሩ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ይኸው ኩባንያ በመጀመሪያው ሮኬቱ፣ ፋልከን 1 በተባለው፣ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቱም ጊዜ ከሸፈበት። ወደ ምሕዋር የደረሰው በአራተኛው፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ነው። በሱቁ ደጃፍ ያጨበጨብንለት ስታርሺፕም ሚያዝያ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ሙሉ አካሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገጣጥሞ በተነሣበት ዕለት አራት ደቂቃ ያህል በርሮ በሰማይ ላይ ተበታተነ። የሚያስገርመው መበታተኑ አይደለም፤ የኩባንያው ሠራተኞች በዚያም ጊዜ መደሰታቸውና ማጨብጨባቸው ነው። ለእነርሱ ሙከራ ነበር። የማስወንጨፊያው መደብ ተሰባብሮ የተነሣው አቧራ ግን አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በፖርት ኢዛቤል ከተማ ነዋሪዎች ቤትና መኪና ላይ አረፈ። ጭብጨባው ለአንዱ፣ አቧራው ለሌላው ሆነ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፣ ሳይወድቅ የቆመ ጥበብ የለም። ሁለተኛው፣ መውደቅ ለሁሉ ሰው እኩል ዋጋ አያስከፍልም። ባለጸጋ ሲወድቅ «ሙከራ» ይባላል፤ ድኻ ሲወድቅ «ኪሳራ» ይባላል። የወጣቱ ነጠላ ሲኮማተር ማንም አላጨበጨበም፤ ሣቅንበት። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ወድቆ ለተሳካለት የሩቅ ሰው አጨበጨብን።

የቋንቋችን አንድ ምሥጢር እዚህ ላይ ይገለጣል። ጥበብ የምንለው ቃል ዕውቀትንና ማስተዋልን ያመለክታል፤ የሐበሻ ልብስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውንም ጌጥ ያመለክታል። ቃሉን ለሁለቱም የሰጠው ሕዝብ የሸማኔን ሥራ ከዕውቀት እንደቆጠረው ግልጽ ነው። ነገር ግን ያው ኅብረተሰብ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቡዳ» እያለ ኖሯል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ጥበቡን እንለብሳለን፤ ጠቢቡን እንንቃለን። ስድቡ ዛሬ በዐደባባይ ባይሰማም ሣቁ አልጠፋም።

ሣቁ የሸማኔ ዕጣ ብቻም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበርን ያቋቋሙ ሰዎች እንደ እብድ ተቆጥረው ነበር። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ጣቢያ ከቆመ በኋላ ግን እብደቱ ራእይ ተባለ። በቦንጋ ተወልደው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩት ቅጣው እጅጉም የጠፈር ምሕንድስናቸውን የሠሩት በባዕድ አገር ነው። በ1998 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ስማቸውን በኩራት እናነሣለን፤ መኩራታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው የታገሠውን ፍሬ አይተን የመጣ ኩራት ነው።

ሌላውም ዓለም ከዚህ ነፃ አይደለም። ሮኬት አየር በሌለበት ጠፈር ሊሠራ ይችላል ያለውን ጎዳርድን ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1920 ተሣልቆበታል፤ ማረሚያውን ያወጣው በ1969፣ አፖሎ 11 በተነሣ ማግሥት ነው። ጎዳርድ በዚያን ጊዜ ከሞተ ሃያ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ለባለሱቁ መቆም ይገባኛል። የተኮማተረ ነጠላ የተኮማተረ ነጠላ ነው፤ ማንም አይገዛውም፤ ባለሱቁም ልጆች አሉት፤ ኪራይ ይከፍላል። «ለወደቀ ሁሉ እናጨብጭብ» ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋም የለውም። እንዲህ ያለው ቸርነት ጥሩውን ከመጥፎ የማይለይ ስንፍና ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ነገር መሣቅ አለመሣቃችን ብቻ አይደለም፤ የሙከራን ኪሳራ የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። ያ ኩባንያ ከሦስት ውድቀት በኋላ ለአራተኛው የሚሆን ገንዘብ አላጣም፤ ከአራተኛው በኋላም የመንግሥት ውል አገኘ። ወጣቱ ሸማኔ ለሁለተኛው ነጠላ የሚሆን ክር የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የድፍረት ወይም የአእምሮ ልዩነት ነው ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ሽሮ ሜዳ ወጥቶ ከሸማኔ ዕቃው ጉድጓድ አጠገብ አንድ ቀን ይዋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል የአገራችን ሰው። ዕቁብ የሠራ፣ እድር የመሠረተ ሕዝብ የአንድን ሰው ሐዘን ለብዙ ትከሻ ማካፈልን ያውቃል። የሙከራን ኪሳራ ማካፈል ለምን ያቅተዋል? አንድ የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከዓመት ክሩ ጥቂቱን «ይህ ለሙከራ ነው፤ ቢበላሽም አይጠየቅም» ብሎ ቢለይ፣ በመጠኑ ትንሽ ሆኖ በሐሳቡ ከዚያ ውል የማያንስ ነገር አደረገ ማለት ነው።

ጉዳዩ ከሸማኔም ያልፋል። መምህር ሆይ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የተሳሳተ መልስ የሰጠ ተማሪ ላይ ክፍሉ ሲሥቅ አንተ ምን ታደርጋለህ? የሥራ ኃላፊ ሆይ፣ ያልተሳካን ሙከራ በሐቅ የሚናገር ሪፖርት ጠረጴዛህ ላይ ሲደርስ ጸሐፊውን ታመሰግነዋለህ ወይስ ሁለተኛ እውነት እንዳይጽፍ ታስተምረዋለህ? እኛም የኪነ ጥበብ ሰዎች የጀማሪን ድርሰት በሁለተኛው ገጽ ዘግተን የውጭውን ዝነኛ ስናወድስ፣ ከዚያ ሱቅ ደጃፍ በምን እንለያለን?

አድናቆት ኃላፊነት ያስከትላል ያልሁት ለዚህ ነው። የሩቁን ስኬት ማድነቅ ምንም አያስከፍልም፤ ስለዚህም ስለ ማንነታችን ምንም አያረጋግጥም። አድናቆታችን እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው፣ ያው ድፍረት በአጠገባችን፣ ገና ሳይሳካ፣ ኩምትርትር ብሎ ሲቀርብልን በምንሰጠው ምላሽ ነው።

ያን ዕለት ከሱቁ ከመውጣቴ በፊት፣ በሣቄ አፍሬ፣ ነጠላውን እንዲሸጥልኝ ወጣቱን ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ይኼን አይግዙኝ፤ ተበላሽቷል» አለ። «ለአንድ ነጠላ የሚበቃ ድርና ማግ ባገኝ ግን፣ የጥለቱን ክር ቀይሬ እንደገና እሞክረው ነበር።»

የክሩን ዋጋ ሰጠሁት፤ በብድር ካልሆነ አልቀበልም አለ። ይህን የምጽፈው ልመሰገንበት አይደለም፤ የሰጠሁት ከሣቄ ዕዳ ያንሳል። ከወራት በኋላ ሁለተኛውን አሳየኝ። ጠርዙ ከፊተኛው ቀንቷል፤ ነገር ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም። ባለሱቁም አገላብጦ አየው፤ አልገዛውም፤ ይሁን እንጂ በዚህ ጊዜ አልሣቀም። «ክሩን ከመሸመንህ በፊት ዘፍዝፈኸው ነበር?» ሲል ጠየቀው።

ወጣቱ ሦስተኛውን ሊጀምር ክሩን ዘፍዝፏል።